ቸኩሎ በሽተኛ የሚያደርግ ኢንኮደር፦ በፒ09.2 ፈትኜዋለሁ

በሕፃናት ክሊኒክ የሐኪምን ማስታወሻ ወደ በሽታና ሕክምና ኮድ የሚለውጥ ሰው (ኮደር) ሁሉ የየራሱ መፈተኛ አለው። አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ አንዱ የክትባት ኮዶችን ያስገባና ያያል። ሌላው የጆሮ ኢንፌክሽን ይሞክራል። የእኔ መፈተኛ ፒ09.2 ነው።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ፒ09.2 በአሜሪካው የበሽታ ኮዶች ዝርዝር፣ በአይሲዲ-10-ሲኤም፣ ውስጥ ያለ ኮድ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሆርሞን ስክሪኒንግ (የቅድመ ምርመራ) ውጤቱ ከመደበኛው ወጣ ሲል ይሰጣል። በሥሩ ሁለት ችግሮች በስም ተጠቅሰዋል። አንዱ አብሮ የሚወለድ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት (ኮንጄኒታል ሃይፖታይሮይዲዝም) ነው። ሌላው አብሮ የሚወለድ የአድሬናል እጢ ችግር፣ ኮንጄኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላዥያ ነው፤ ሲኤኤች እንለዋለን። ኮዱ ሕፃኑ ታሟል አይልም። ስክሪኒንጉ ጥርጣሬ አሳይቷል፣ ይጣራ ነው የሚለው። ብዙ ሶፍትዌር የሚወድቀው እዚች ጋ ነው።

የምገመግመው ክሊኒካችን ያስገባውን ኢንኮደር፣ ማለትም ኮድ የሚያወጣ ሶፍትዌር፣ ነው። ኮድ መፈለጊያ ብቻ አይደለም። የሐኪሙን ማስታወሻ ራሱ ያነብና ኮድ ይጠቁማል። ስሙን አልጽፍም። ኮንትራቱን የፈረመችው ማናጀሯ ናት፣ እኔ ጣጣ አልፈልግም። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር በየወሩ ነው። ከኪሴ ስላልወጣ ስለ ዋጋው ብዙም አላወራም።

ለፈተናው የእውነተኛ ታካሚ ቻርት አልተጠቀምኩም። ሐኪሞቻችን እንዴት እንደሚጽፉ ስለማውቅ በእነሱ አጻጻፍ የፈጠራ ቻርቶች አዘጋጀሁ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ምሕጻረ ቃል፣ ነጥብ የሌለው መስመር፣ ሁሉም አለበት።

መጀመሪያ ያስደሰተኝን ልናገር።

ፍለጋው ግሩም ነው። «ጨቅላ፣ ቲኤስኤች ከፍ ያለ» ብላችሁ ብትጽፉ ፒ09.2ን ከላይ ያመጣዋል (ቲኤስኤች ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ነው)። የድሮው ሶፍትዌራችን በዚህ ፍለጋ የሚያመጣው አር94.6ን ነበር። እሱ በአጠቃላይ ለተዛባ የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ነው፤ የጨቅላ ስክሪኒንግ የራሱ ቤት አለው።

ቀንም ያውቃል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ፒ09 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 (እንደ ፈረንጆቹ) አንድ ኮድ ነበር። ሆርሞንም ሆነ ደም ወይም ጆሮ፣ ሁሉም እዚያው ይከተት ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተከፋፈለ። ነጥብ 1 ለሜታቦሊዝም፣ 2 ለሆርሞን፣ 3 ለደም፣ 4 ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ 5 ለከባድ የልብ ችግር፣ 6 ለመስማት፣ 8 ለሌሎች፣ 9 ደግሞ ምንነቱ ላልተገለጸ። ከዚያ ወዲህ ፒ09 ብቻውን ከተላከ ክሌይሙ (ለኢንሹራንስ የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ይመለሳል። ይኼ ኢንኮደር የአገልግሎቱን ቀን አይቶ የዚያን ጊዜውን ዝርዝር ይከፍታል። የቆየ ቻርት ለኦዲት ሲመጣ ዕፎይ ያሰኛል።

የሲፒቲ፣ ማለትም የምርመራና የሕክምና ሥራ ኮዶች፣ በኩሉም ጥሩ ነው። ከተረከዝ ደም መውሰድ ሲባል 36416ን ያመጣል። ለቲኤስኤች 84443፣ ለፍሪ ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን) 84439፣ ለ17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን 83498። እነዚህን ከትክክለኛው ምክንያት ጋር ያያይዛል፤ ምርመራው ለምን እንደታዘዘ ኢንሹራንሱ ሲጠይቅ መልሱ ክሌይሙ ላይ ተጽፏል። እስከዚህ ድረስ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ጥቆማው እንምጣ።

የመጀመሪያው ቻርቴ የአንዲት ሕፃን ነው። በወሯ የተወለደች፣ ጤነኛ። እናትና ልጅ ቶሎ ስለወጡ የስክሪኒንጉ ደም የተወሰደው 24 ሰዓት ሳይሞላት ነው። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ መጣ። ሐኪሟ እንዲህ ጻፈች (እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ግን የእሷ አጻጻፍ ነው)፦ «ስክሪኒንግ ላይ ቲኤስኤች ከፍ ያለ። ከደም ሥር ይደገም፣ ፍሪ ቲ4 ይጨመር። ኮንጄኒታል ሃይፖታይሮይዲዝም ሊሆን ይችላል።»

ኢንኮደሩ ዓይኑን ሳያሽ ኢ03.1 አለ። እንቅርት የሌለው፣ አብሮ የተወለደ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት። በቃ፣ ልጅቷ ታማሚ ሆነች።

ነገሩ ለምን እንደሚያናድደኝ ላስረዳ። ሕፃን ሲወለድ ቲኤስኤች ለጥቂት ሰዓታት በተፈጥሮ ወደ ላይ ይተኮሳል። ከዚያ ይወርዳል። ደሙ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወሰድ የሚባለው አንዱም ለዚህ ነው። ቀድሞ ከተወሰደ ጤነኛዋም ልጅ ከፍ ብላ ልትታይ ትችላለች። በሽታው ራሱ በአሜሪካ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚገኝ ነው። ስክሪኒንግ ደግሞ ሆን ተብሎ መረቡ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድም ታማሚ እንዳያመልጥ ብዙ ጤነኞች ለድጋሚ ምርመራ ይጠራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፣ ትክክልም ነው። ሃይፖታይሮይዲዝሙ ቶሎ ካልታከመ የልጁን አእምሮ ይጎዳል፤ ሌቮታይሮክሲን የተባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከተጀመረ ግን ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ስለዚህ ስክሪኒንጉ መቸኮሉ ሥራው ነው። ኮዱ ግን መቸኮል የለበትም።

ኢ03.1 አንዴ ቻርት ላይ ከገባ እዚያው ይኖራል። የችግሮች ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። ኢንሹራንሱ ዘንድ ይቀመጣል። ሪፈራል ሲጻፍ ይገለበጣል። ዛሬ ደግሞ ወላጆች ሁሉን ነገር በስልካቸው ፖርታል ላይ ያያሉ። ሐኪሟ «ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፣ እናጣራው» ብላ ያረጋጋቻት እናት፣ ማታ ፖርታሉን ስትከፍት የልጇ ስም ሥር የዕድሜ ልክ በሽታ ተጽፎ ታገኛለች። በማግስቱ ማን ነው ስልክ የሚያነሳው? ነርሷ። ከዚያ እኔ።

መመሪያው ደግሞ ግልጽ ነው። በተመላላሽ ሕክምና «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠረጠራል»፣ «ይጣራ» የተባለ ነገር እንደ ተረጋገጠ በሽታ አይኮድም። ለጉብኝቱ ምክንያት የሆነው ምልክት ወይም የተዛባ ውጤት ነው የሚኮደው። እዚህ ላይ ፒ09.2። ክርክር የለውም።

ሁለተኛው ቻርት ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ወንድ ልጅ ነው። ኤንአይሲዩ (የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል) ተኝቷል። 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን (17-ኦኤችፒ) ከፍ ብሏል። ይኼ የሲኤኤች መጠቆሚያ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ላይ ግን ያለ በሽታም ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የኮዱ ጥንቃቄ እንዳለ ሆኖ ማንም ችላ የሚለው ውጤት አይደለም። ሲኤኤች ከ15,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚገኝ ነው። ጨው የሚያስወጣው ዓይነት ከሆነ ግን ሕፃኑን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊገድል ይችላል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ የበሽታውን ስም እንዳይጠራ አደረግኩ። «17-ኦኤችፒ ከፍ ያለ፣ ይደገም» ብቻ። ኢንኮደሩ ፒ09.2 አለ። ከጊዜ በፊት የመወለዱን ኮድም ከፒ07 ሥር አመጣ። ጎበዝ! አጨበጨብኩለት።

ከዚያ ያንኑ ቻርት ወስጄ «ሲኤኤች ይጠረጠራል» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። ወዲያው ኢ25.0፣ የሲኤኤች ኮድ። አሁን ገባኝ። ማሽኑ የበሽታ ስም ካየ ይነክሳል። «ይጠረጠራል» የሚለውን አያነብም፣ ወይም አንብቦ ይዘለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለፍትሕ ያህል ልበል። ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመ ሕመምተኛ ደንቡ ሌላ ነው። ሲወጣ ሐኪሙ «ይጠረጠራል» ብሎ ከዘጋው፣ ሆስፒታሉ እንዳለ ቆጥሮ መኮድ ይችላል። ስለዚህ ለኤንአይሲዩው ልጅ ኢ25.0 ማለቱ ሙሉ በሙሉ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ግን ቻርቱ መሃል ቆይታው ላይ ያለ ማስታወሻ እንጂ የመውጫው ማጠቃለያ አይደለም። ደግሞም የእኛ ክሊኒክ ፕሮፋይል ላይ «ተመላላሽ» ተብሎ ተሞልቷል። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። የመጀመሪያዋ ልጅ ክሊኒክ የመጣች ናት፣ እሷንም በሆስፒታል ደንብ ነው የዳኛት።

ለድጋፍ ክፍሉ በቻት ጻፍኩ። የመለሰልኝ ልጅ ትሑት ነው፣ እሱን አልወቅስም።

«ጥቆማ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ሳጥኑ ላይ ምልክቱን ቀድሞ አድርጎ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?» አልኩት።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ የጥቆማው ክፍል የክሊኒኩን ፕሮፋይል እንደማያነብ ነገረኝ። ፕሮፋይሉ ለሪፖርት ብቻ ነው። ይኼንን ማናጀሯ ስትፈርም የነገራት የለም።

ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ለእኔ የዚህ ምርት ትልቁ ጥፋት ነው። ኮደር በቀን ስንት ቻርት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሠራም። ምርታማነታችን በቁጥር ይለካል። ሳጥኑ ባዶ ቢሆን ምልክት ለማድረግ እናስባለን። ምልክቱ ካለ ደግሞ ለማንሳት ማሰብ አለብን፤ አርብ ከሰዓት በኋላ ያንን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ቻርት የተረጋገጠ በሽታ ነው። ድጋሚው ምርመራ ቲኤስኤች በጣም ከፍ ያለ፣ ፍሪ ቲ4 ዝቅ ያለ። ሐኪሟ በግልጽ «ኮንጄኒታል ሃይፖታይሮይዲዝም፣ እንቅርት የለም፣ ሌቮታይሮክሲን ተጀመረ» ብላለች። አሁን ኢ03.1 ጊዜው ነው። ኢንኮደሩም ሰጠ። ግን ፒ09.2ንም አብሮ አስቀመጠ። ጥርጣሬው ወደ በሽታ ሲለወጥ የጥርጣሬው ኮድ ቦታውን ይለቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መላክ «ይጣራ» እና «ተጣርቷል» ብሎ በአንድ ወረቀት መጻፍ ነው።

እዚሁ ላይ ሐኪሟ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ብትጨምር መንገዱ ወደ ፒ72.2 ይዞራል። ይኼን ኢንኮደሩ በትክክል ለየ። ለእውነቱ ግን ጊዜያዊ ነው አይደለም የሚለው ብዙ ጊዜ በጨቅላነት አይታወቅም። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው መድኃኒቱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮደሩ የሐኪሙን ቃል ነው የሚከተለው፣ ከራሱ «ጊዜያዊ ይሆናል» አይልም።

ድጋሚው ምርመራ ደህና ሆኖ ቢመጣስ? ይኼን ብዙ ጀማሪዎች ይጠይቁኛል። ለዚያ ጉብኝት ልጁ የመጣበት ምክንያት ያው የመጀመሪያው የተዛባ ውጤት ስለሆነ ፒ09.2 ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለጤና ክትትል ሲመጣ መጎተት የለበትም። ኢንኮደሩ ካለፈው ጉብኝት ኮድ የሚገለብጥ ቁልፍ አለው። እኔ እሱን ቁልፍ አልነካውም።

ሌላ ቻርት ላይ ሐኪሙ «ስክሪኒንግ ልክ አይደለም፣ ይደገም» ብቻ ጻፈ። የስቴቱ ላብራቶሪ ወረቀት ተያይዟል፣ ታይሮይድ ይላል። ኢንኮደሩ ወረቀቱን ራሱ አንብቦ ፒ09.2 ብሎ ቁጭ። ውጤቱ ምናልባት ትክክል ነው። አካሄዱ ግን አይደለም። ኮደር የላብራቶሪ ቁጥር አይቶ አይተረጉምም። ሐኪሙን ጠይቆ እሱ እንዲጽፈው ያደርጋል። ሐኪሙ ዝም ካለ ያለን ፒ09.9 ነው። መልካሙ ነገር፣ ይኼው ሶፍትዌር ለሐኪሙ ጥያቄ የመላኪያ ፎርም አለው፣ ፎርሙም አጭርና የማይመራ ነው። «ታይሮይድ ነው አይደል?» አይልም፤ «የትኛው ስክሪኒንግ እንደሆነ ይግለጹ» ይላል። ጥቆማው ራሱ ፎርሙን ቢጠቀም ምን ነበረበት?

የስም ጉዳይም አለ። አሜሪካ ውስጥ ገና ስም ያልወጣላት ሕፃን በሆስፒታል ወረቀት ላይ «ቤቢ ገርል» ተብላ በእናቷ የቤተሰብ ስም ትመዘገባለች። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ወረቀቷ የእናቷ አካውንት ውስጥ ሲገባ ያጋጥማል። የምዕራፍ 16 ኮዶች፣ ማለትም ፒ ላይ የሚጀምሩት፣ በእናት መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይገቡም። ፈተንኩት። የ31 ዓመት ሴት ቻርት ላይ ፒ09.2 አስገባሁ። ኢንኮደሩ ዝም። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ።

በአንጻሩ አምስት ሳምንት የሞላው ሕፃን ላይ ስሞክር «ዕድሜ አይገጥምም» ብሎ ጮኸ። የጨቅላነት ዘመን በመመሪያው እስከ 28 ቀን ነው፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ ዘመን የመጣው ጉዳይ ገና ካልተዘጋ ኮዱ ከ28 ቀን በኋላም መሥራቱን ይቀጥላል። በተለይ እንደ ቴክሳስ ባሉ፣ ሁለተኛ ስክሪኒንግ በመደበኛነት በሚወሰድባቸው ስቴቶች፣ ማጣራቱ ከአንድ ወር ማለፉ አይገርምም። ለሕፃኑ ጮኾ ለእናቲቱ ዝም ማለቱን ምን ልበለው።

ከነጻው ጋር ላወዳድረው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ድረ ገጽ ላይ ሙሉው የአይሲዲ-10-ሲኤም ዝርዝርና መመሪያው በነጻ ይገኛል። ኮድ መፈለጊያም አለው። የበጀት ዓመቱን መርጣችሁ ትገባላችሁ። ፒ09ን ስትከፍቱ ሁሉም ልጆቹ ከነማብራሪያቸው በአንድ ገጽ ይታያሉ። በእኛ ኢንኮደር ያንን ማብራሪያ ለማየት ጎን ያለውን ትንሽ ቀስት መጫን ይጠይቃል፣ ማንም አይጫነውም። ነጻው ሲፒቲ የለውም፣ ክሌይም አያይዝም፣ ቻርት አያነብም። ኮዱን ለመወሰን ግን እስካሁን የምከፍተው እሱን ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚያ ተማሩ። ኦክቶበር 1 ላይ ይታደሳል፣ አንዳንዴ ኤፕሪል 1 ላይም ጭማሪ ይመጣል፤ የድሮ ፋይል አውርዳችሁ እንዳትቀመጡ።

እንግዲህ ይኼ ኢንኮደር ይገዛ? የአዋቂ ሕክምና ክሊኒክ ከሆነ ፍለጋውና የሲፒቲ ማያያዣው ብቻ ያዋጣል። ልምድ ያለው ኮደር ያለበት የሕፃናት ክሊኒክም ሊጠቀምበት ይችላል፣ ጥቆማውን ካልሰማ። ኮደር ሳይቀጥር በጥቆማው ብቻ ክሌይም ለመላክ ያሰበ ክሊኒክ ግን ይቅርበት። አምስት ኮከብ ያልኩትን ወደ ሦስት አውርጄዋለሁ።

ማናጀሯን ለምዕራፍ 16 ብቻ ጥቆማው እንዲዘጋ ጠየቅኋት። እሷም ኩባንያውን ጠየቀች። በምዕራፍ መዝጋት አይቻልም፣ ወይ ሁሉንም ወይ ምንም ተባለ። ሁሉንም አዘጋሁት። ፍለጋው እንደበፊቱ ይሠራል፣ ወርሃዊ ክፍያውም አልቀነሰም።